የምሰሶ ሰባት ቁጥር

ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሙሉ የአንድን ሰው ድምፅ ዘግቼ ኖሬያለሁ። ሰውየው ጠላቴ ቢሆን ኖሮ ይህን አፌን ሞልቼ በተናገርኩ። ግን ጓደኛዬ ነው፤ በአንድ የሰርግ ባንድ ውስጥ ሃያ አንድ ዓመት አብረን ሠርተናል። ባስ ጊታር ይጫወታል። ትክክለኛ ስሙን የምትጠራው ሚስቱ ብቻ ናት፣ እሷም ስትቆጣ። እኛ ምሰሶ ነው የምንለው።

ምሰሶ ያልነው መድረክ ላይ ስለማይነቃነቅ ነው። ዘፋኙ ይዘላል፣ ድራመሩ ላቡ እስኪንጠባጠብ ይወዛወዛል፣ እሱ ግን ከድምፅ ማጉያው አጠገብ ቀጥ ብሎ ይጀምርና ቀጥ ብሎ ይጨርሳል። አንዲት እንግዳ ግድግዳ መስሏት ካፖርቷን ልትሰቅልበት ነበር እያልን እናሾፍበታለን። ውሸት ነው፤ እሱም ውሸት መሆኑን እያወቀ ይስቃል። ባስ ደግሞ ለእንዲህ ዓይነት ሰው የተሠራ መሣሪያ ነው። ሲኖር ማንም ልብ አይለውም፤ ሲጠፋ ጭፈራው ይቀዘቅዛል፣ ሰዉም ለምን እንደቀዘቀዘ ሳይገባው ወደ ወንበሩ ይመለሳል።

እኔ ሳውንድማን ነኝ። ከአዳራሹ ጀርባ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከመጸዳጃ ቤቱ በር አጠገብ፣ ሚክሰሬን ዘርግቼ እቀመጣለሁ። እያንዳንዱ መሣሪያ ወደ ሚክሰሩ የሚገባበት የራሱ ቁጥር አለው፤ የምሰሶ ሰባት ቁጥር ነው። ሰባት ቁጥርን ወደ ላይ ስገፋው አዳራሹ ይሰማዋል። ወደ ታች ስስበው የሚሰማው እሱ ራሱ ብቻ ነው፣ ጆሮው ውስጥ በሰካት ማዳመጫ።

ምሰሶ ማንም ያልሰጠው ሌላ ሥራም ነበረው። ሙሽራዋ ስትገባ እግሯን የሚያየው እሱ ነው። የመግቢያው ዘፈን ሙሽራዋ ወንበሯ ጋ እስክትደርስ መቆየት አለበት፣ ስትቀመጥ ደግሞ ማለቅ አለበት። አንዷ ደንግጣ ትሮጣለች፣ አንዷ ቀሚሷ እየጠለፋት ትጎተታለች፣ አንዷ መንገድ ላይ አክስቷን አይታ ማልቀስ ትጀምራለች። ምሰሶ ዓይኑን ከጫማዋ ሳይነቅል ይጫወትና፣ ገና ከሆነች አገጩን ወደ ላይ ያነሳል፤ ድራመሩ ያንን አይቶ አንድ ዙር ይደግማል። ከደረሰች አገጩን ዝቅ ያደርጋል፤ ይዘጋሉ። ሙሽሮች ሁሉ ሙዚቃው እነሱ ሲቀመጡ በአጋጣሚ ያለቀ ይመስላቸዋል። ያን ሁሉ ዓመት አጋጣሚያቸው የሱ አገጭ ነበር።

ከዚያ ላፕቶፑ መጣ። ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ በሌላ ሰው አላሳብብም። ድራመሩ በወገቡ ምክንያት ሊያቆም ስለነበር፣ ከመሄዱ በፊት የእኔ ቤት ዕቃ ክፍል ውስጥ ፍራሽ ግድግዳ ላይ አስደግፈን አምስት ቀን ሙሉ ዘፈኖቻችንን በሙሉ ቀዳን። ከበሮውን፣ ሳክስፎኑን፣ እንዲሁ ለመጠባበቂያ ብለን ደግሞ ባሱን። ዓመት ሳይሞላ ሳክስፎኒስቱም አስተማሪነት አግኝቶ ሄደ። መድረኩ ላይ ሦስት ሰው ቀረ፦ ዘፋኙ፣ ኪቦርዲስቱና ምሰሶ። ሌላው ሁሉ ከላፕቶፑ ይወጣል። ሰዉ አላወቀም። እንዲያውም “ዛሬ ከበሮው ጉድ ነበር!” ብለው ትከሻዬን መታ መታ ያደረጉ አሉ፤ ድራመሩ በዚያች ሰዓት ሱቁ ውስጥ ቁጭ ብሎ የመታጠቢያ ቤት ሴራሚክ እየሸጠ ነው።

አንድ ነገር ብቻ አልተሳካልንም። የመግቢያው ዘፈን ላፕቶፑ ውስጥ አራት ደቂቃ ከአሥር ሰከንድ ነው። ሙሽራዋ ብትደርስም ባትደርስም በአራት ደቂቃ ከአሥር ያልቃል። የተጎተተችዋ አዳራሹ መሃል ላይ በጸጥታ ትቀራለች፣ የጫማዋ ቋ ቋ ብቻ ይሰማል። የሮጠችዋ ደግሞ ቆማ ጉንጯ እስኪደክም ፈገግ ትላለች። ምሰሶ ከልማድ አገጩን ያነሳል። ላፕቶፕ ግን አገጭ አያይም።

ከዚያ የእጁ ነገር መጣ። የግራ እጁ ሁለት ጣቶች፣ ትንሿና ከጎኗ ያለችው፣ ወደ መዳፉ መታጠፍ ጀመሩ። ሐኪም መዳፉ ውስጥ ያለው ጅማት እያጠረ ነው ብሎታል። ይህን የሰማሁት ኋላ ነው፤ እሱ ለማንም ትንፍሽ አላለም። እኛ ያየነው ፎቶ ስንነሳ ግራ እጁን ኪሱ መክተት ማብዛቱን ነው። ያየነው እሱን ነው፤ የሰማነው ግን ሌላ ነው። ድምፆች እየተዋጡ፣ አንዳንዴም ሁለት ክር እየተነካ ይጮህ ጀመር። አንድ ቅዳሜ በትልቅ ሰርግ ላይ ሦስት ጊዜ ስቶ፣ ዘፋኙ በእረፍት ሰዓት ፊቱን አጥቁሮ እኔ ጋ መጣ።

“ወይ እሱ ወይ እኔ” አለኝ። “ንገረው።”

“እኔ ነኝ የምነግረው?”

“ጓደኛህ አይደል?”

ጓደኛዬ ስለሆነ ነው ያልነገርኩት። ሰባት ቁጥርን ቀስ አድርጌ ወደ ታች ሳብኩት። ያንን ለመጠባበቂያ የቀዳነውን ባስ ከላፕቶፑ ከፈትኩት። ምሰሶ ጆሮ ውስጥ የምልከውን ድምፅ ለብቻው አዘጋጀሁለት፤ የራሱን ጣት እንደ ድሮው ይሰማል፣ ከላፕቶፑ የሚወጣው ባስ ግን አይደርሰውም። ለዛሬ ብቻ ነው አልኩ። ዘፋኙና ኪቦርዲስቱ አወቁ፣ ሦስታችንም ዝም አልን። በማግስቱ እሑድም ሰርግ ነበረን። ውለታ የዋልኩለት መስሎኝ ስለነበር፣ እውነቱን ለመናገር፣ እንቅልፍም አላጣሁም።

የተጋለጥነው በጉንፋን ነው። አንድ ከሰዓት ዘፋኙ አፍንጫው ታፍኖ መጣና “ከፍ ያለው ቦታ ላይ አልደርስም፣ አውርዱልኝ” አለ። ኪቦርዲስቱ ላፕቶፑ ውስጥ ያሉትን ዘፈኖች በሙሉ ግማሽ ቶን፣ ማለትም አንዲት የድምፅ ደረጃ፣ ዝቅ አደረጋቸው። ሁለት ቁልፍ መጫን ነው፣ አለቀ። ሰው በሚጫወትበት ባንድ ውስጥ እንዲህ ሲሆን መጀመሪያ የሚነገረው ባሲስቱ ነው። ለምሰሶ ግን ማናችንም አልነገርነውም። ተንኮል ቢሆን ይሻል ነበር። ሦስታችንም እሱ እንደሚጫወት ረስተን ነው።

የመጀመሪያው ዘፈን ተጀመረ። ምሰሶ በድሮው ድምፅ ገባ፣ ሌላው ሁሉ ግማሽ ቶን ዝቅ ብሎ ይሄዳል። ጆሮው ውስጥ የተሰማው ሁለት ድመት በአንድ ጆንያ ውስጥ ቢከቱ የሚሰማው ዓይነት መሆን አለበት። ክው ብሎ ቀና አለ። አዳራሹን አየ። ሰዉ ይጨፍራል። ፊቱን ያጨማደደ፣ ወደ መድረኩ የዞረ አንድ ሰው የለም። ማዳመጫውን ከጆሮው ነቀለ። ከዚያ ሁለቱንም እጆቹን ከጊታሩ ላይ አነሳ።

ባሱ ቀጠለ።

እጆቹን አየ። ቀጥሎ ከዳንኪረኛው ራስ በላይ አሻግሮ እኔን አየኝ። ሚክሰሩ ስር ብገባ በወደድኩ። እሱ ግን ማዳመጫውን መልሶ ሰካ፣ ጣቶቹን ግማሽ ቶን ዝቅ አደረገና እስከ ፕሮግራሙ መጨረሻ ሁለት ሰዓት ተኩል ሙሉ ማንም ሳይሰማው ተጫወተ። አንጀቴን የበላው ያ ነው። እኔ ብሆን ጊታሩን ዘፋኙ ጭንቅላት ላይ ነበር የምሰብረው።

ዕቃ ስንሰበስብ ኬብል እየጠቀለለ አጠገቤ መጣ። ኬብል አጠቃለሉ ድሮም ያምራል፣ አንድም ቀን ተጠማዞ አያውቅም።

“ከመቼ ጀምሮ ነው?” አለኝ።

“ዛሬ መስመሩ ትንሽ ተበላሽቶ...”

“እኔን እንደ ሰርገኛ አታናግረኝ።”

“ሁለት ዓመት ከአራት ወር” አልኩት።

ጥቅሉን አስሮ ሳጥኑ ውስጥ አስቀመጠው። “የሚሰማው ባስ የማን ነው?”

“ያንተው ነው። እኔ ቤት የቀዳነው።”

“የሌላ ሰው ቢሆን ይሻለኝ ነበር” አለ። “ከሌላ ሰው ጋር እጣላ ነበር።”

ጊታሩን አንግቶ በእግሩ ሄደ። ስደውል አያነሳም። ሦስት ሳምንት ያለሱ ሠራን፣ አዳራሹ ልዩነቱን አላወቀም፤ እንዴትስ ይወቅ?

በአራተኛው ሳምንት ልጁ ሱቄ መጣች። በአዘቦት ቀን ድምፅ ማጉያና ሬዲዮ ስለምጠግን ጠረጴዛዬ ላይ ሆዱ የተከፈተ ስፒከር ነበር። ልጁ የላብራቶሪ ባለሙያ ናት፤ ስፒከሩን እንደ በሽተኛ አየት አድርጋ ተቀመጠች። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ልታገባ ነው፤ ሰርጉን የምንሠራው ደግሞ እኛው ነን።

“ጋሼ፣ አባዬን ምን አደረጋችሁት?”

“ምን ሆነ?”

“ጊታሩ አልጋ ስር ገብቷል። እራት ላይ አያወራም። እማዬ ስትጠይቀው ጡረታ ወጣሁ ይላል። ሰባት ዓመቴ እያለ ነው ቃል የገባልኝ። ሙሽራ ሆኜ ስገባ እሱ ሊጫወትልኝ። ለዚህ ብዬ ይዞኝ እንዲገባ አጎቴን ለምኛለሁ። አሁን ደግሞ አልጫወትም አለ። በእኔ ቀን ነው እንዴ ጡረታ የሚወጣው?”

ልነግራት አፌ ላይ ደርሶ ነበር፣ ግን የሱን ገመና እኔ እንዴት ላውጣ? አናግረዋለሁ ብዬ ሸኘኋት። ማታውኑ ቤቱ ልሄድ ስል እሱ ራሱ ቀድሞኝ መጣ። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።

“ለአንድ ዘፈን ሰባት ቁጥርን ክፈትልኝ” አለ። “ለልጄ መግቢያ። ከዚያ በኋላ እንደፈለግህ አድርገኝ።”

“እከፍትልሃለሁ” አልኩት። ዘፋኙ ምን ይላል ብዬ አላሰብኩም። እምቢ ቢል ያለ ዘፋኝ እንሠራለን፤ የሱም ድምፅ ያኔ አብሮ ተቀድቷል።

የሰርጉ ዋዜማ ጠዋት አዳራሹ ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነበርን። ወንበሮቹ እየተደራረቡ ግድግዳ ተጠግተዋል፣ ወለሉ ገና ከውኃው አልደረቀም። የላፕቶፑን ባስ አጠፋሁት፣ ሰባት ቁጥርን ወደ ላይ ገፋሁት። “ቅዳው” አለኝና ጀመረ። አሥር ቀን ሙሉ ተለማምዶ ነበር፤ ጣቶቹ ጫፍ ላይ ፕላስተር አለ። አራት ደቂቃ ከአሥር ሰከንድ ፊቱን አላየሁም፣ ሚክሰሩን ነበር የማየው።

ሲጨርስ ከመድረክ ወረደና አዳራሹ መሃል ላይ አንድ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። በሃያ አንድ ዓመት ውስጥ እዚያ ቦታ ተቀምጦ አያውቅም።

“አሰማኝ።”

አሰማሁት። የተዋጡትን ድምፆች ሰማ። ሁለተኛው ዙር ላይ ሁለቱ ክሮች ሲጋጩ ሰማ። አንዴ እንኳ ፊቱን አልቀየረም።

“አሁን ያኛውን።”

ፍራሽ አስደግፈን የቀዳነውን አሰማሁት። ዓይኑን ጨፍኖ ሰማ። ግራ እጁ ጭኑ ላይ ነበር፣ ሦስቱ ጣቶች አብረው ይሄዳሉ፣ ሁለቱ እንደታጠፉ ናቸው።

“ጎበዝ ሰው ነው” አለ ሲያልቅ።

“አንተ ነህ እኮ።”

“ነበርኩ።” ፊቱን በመሐረብ ጠረገ፤ ማልቀሱን አልደበቀኝም፣ እኔም አልደበቅኩትም። “ይቅርታ ጠይቀኸኛል?”

“አልጠየቅኩህም።”

“ጠይቀኝ እንጂ።”

“ይቅርታ አድርግልኝ። ያኔውኑ ልነግርህ ይገባኝ ነበር። ፈራሁ።”

“እኔም እጄን ደብቄሃለሁ፤ እኩል ነን” አለና ተነሳ። ተነስቶም የሚገርም ነገር አደረገ። በሩ ጋ ሄዶ ቆመና “ከመጀመሪያው አጫውተው” አለኝ። ዘፈኑ ሲጀምር ከበሩ ወደ ሙሽሮቹ ወንበር መራመድ ጀመረ። ስድሳ አንድ እርምጃ ቆጠረና ሙዚቃው ገና ሳያልቅ ደረሰ። ተመለሰ። እንደገና ሄደ። በሦስተኛው ጊዜ የመጨረሻው ምት ሲመታ እጁ ወንበሩ ላይ አረፈ። ወዲያው ስልኩን አውጥቶ ወንድሙ ጋ ደወለ።

“ነገ ልጄን ይዘህ አትገባም፣ ተቀመጥ” አለው። “አዎ፣ ተቀመጥና ብላ።”

በማግስቱ አዳራሹ ሞላ። ሰባት ቁጥርን ከፍቼዋለሁ፤ ጊታሩ መድረኩ ላይ መቆሚያው ላይ ተደግፏል፣ የሚነካው የለም። ኪቦርዲስቱ ላፕቶፑን አስጀመረ፣ በሩ ተከፈተ፣ ምሰሶ ልጁን ይዞ ገባ። ዘፋኙ ሲያየው አንድ ስንኝ ዘለለ።

ሙሽራዋ መጀመሪያ ፈጠነች፤ ክንዷን ሳብ አድርጎ አቆያት። ፎቶ አንሺው መንገድ ዘግቶ “እዚህ ጋ እዩኝ!” ሲል እኔ በልቤ አበቃልን አልኩ፣ ላፕቶፑ አይጠብቅም። ምሰሶ ግን ሁለት ምት ብቻ ቆመለትና በትከሻው ገፋ አድርጎት አለፈ። የአጎቷ ሚስት ልትስማት ስትነሳ በዓይኑ አስቀመጣት። ከዚያ እርምጃውን አሰፋ፣ ልጁም አብራው አሰፋች። የመጨረሻው ምት ሲመታ ልጁ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። አንድ ሰከንድ አልተረፈም፣ አንድ ሰከንድ አልጎደለም። አዳራሹ አጨበጨበ፤ ያጨበጨበው ለሙሽራዋ ነው፣ ሌላውን ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ዛሬ ምሰሶ ጊታር አይጫወትም። ከሰርጉ በኋላ ኪቦርዲስቱን ቁጭ አድርጎ የመግቢያውን ዘፈን በዙር በዙር አስቆረጠው። አሁን እኔ አጠገብ፣ መጸዳጃ ቤቱ በር ጋ፣ በወንበር ተቀምጦ የሙሽሮችን እግር ያያል፤ እግሩ ስር ፔዳል አለችው። ሲረግጣት ላፕቶፑ አንድ ዙር ይደግማል፣ ሲለቃት ይዘጋል። አገጩን ግን አሁንም ያነሳል።

ሰርጉ ካለፈ ከወር በኋላ ልጁ የተበላሸ ሬዲዮ ይዛ ሱቄ መጣች። የአባቷን እጅ ነገር እስከዚያ ሰምታ ነበር። ስጠግንላት ያን ቀን መንገድ ላይ የተባባሉትን ነገረችኝ። መድረኩን አሻግራ ስታይ ጊታሩ ለብቻው ቆሟል፤ ሆድ ብሷት “አባዬ፣ ትጫወትልኛለህ ብለህ ነበር” ትለዋለች። እሱ ከፊት ከፊቱ እያየ “እየተጫወትኩልሽ ነው” ይላታል፣ “ስሚኝ።” ነገሩ አልገባትም። ከዚያ ግን የያዛት እጁ ውስጥ አንድ ነገር ተሰማት። በእነዚያ በታጠፉት ሁለት ጣቶች፣ ከድምፅ ማጉያው በሚወጣው ባስ ልክ፣ መዳፏን ጫን ለቀቅ፣ ጫን ለቀቅ እያደረጋት ነበር፤ እስክትቀመጥ ድረስ አንዲት ምት አልሳተም።